ሲአርፒ በከፍታ ላይ፦ የመተንፈሻ ቫይረስ ሕመም ክብደትና የደም ጠቋሚዎች በኮልፌ ቀራኒዮ

የመተንፈሻ ቫይረስ የያዘው ሰው ሁሉ ሆስፒታል አይተኛም። አብዛኛው በቀናት ውስጥ ይሻለዋል፤ ጥቂቱ ግን የቫይረሱ መጠን መቀነስ ከጀመረ በኋላ የገዛ የመከላከያ ሥርዓቱ ከልክ በላይ ተቆጥቶ ሳንባውን ይጎዳዋል። ይህ መቆጣት ደም ውስጥ ምልክት ስለሚተው፣ በኮቪድ-19 ዘመን ሲአርፒ (ሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲን)፣ ፌሪቲን፣ ዲ-ዳይመር እና የኒውትሮፊልና የሊምፎሳይት (የሁለት ነጭ የደም ሴል ዓይነቶች) ንጽጽር በብዙ አገር የሚታዘዙ ምርመራዎች ሆኑ። ለአዲስ አበባው ክፍለ ከተማ ለኮልፌ ቀራኒዮም ይጠቅማሉ ባይ ነኝ፤ የሚነበቡባቸው ወሰኖች ግን ሌላ ሕዝብ ላይ የተሠመሩ ናቸው።

ሲአርፒን እ.ኤ.አ. በ1930 በኒው ዮርኩ ሮክፌለር ተቋም ቲሌትና ፍራንሲስ በሳንባ ምች ታማሚዎች ደም ውስጥ አገኙት። ጉበት የሚያመርተው በዋናነት ኢንተርሉኪን-6 ሲያነሳሳው ነው። ምርቱ ከቆመ በ19 ሰዓት ገደማ ግማሹ ከደም ይጠፋል፤ ስለዚህ በሁለት ቀን ልዩነት የተወሰዱ ሁለት ልኬቶች ከአንድ ትልቅ ቁጥር ይልቅ ብዙ ይናገራሉ። የብሪታንያው ሪከቨሪ የኮቪድ ሕክምና ጥናት ለቶሲሊዙማብ መድኃኒት ታማሚዎችን የመረጠው የኦክሲጅን ሙሌታቸው ከ92 ከመቶ በታች ሲሆን ወይም ኦክሲጅን ሲሰጣቸው፣ ሲአርፒያቸው ደግሞ በሊትር 75 ሚሊ ግራም ወይም በላይ ሲሆን ነበር። ጠቋሚው በዚህ መልክ የሕክምና ውሳኔ መግቢያ በር ሆነ።

እዚህ ላይ 92 የሚለውን ቁጥር ቆም ብሎ ማየት ያሻል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,355 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በአንድ አራተኛ ያህል ያነሰ ነው። የጤነኛው ነዋሪ ሙሌትም ከቆላው ሰው ዝቅ ሊል ይችላል። ጣቱ ላይ 91 የተነበበለት የአየር ጤና ሠፈር ነዋሪ ሳንባው ምን ያህል እንደተጎዳ መሣሪያው ብቻውን ሊነግረን አይችልም። ሲአርፒው 8 የሆነና 120 የሆነ ሁለት ሰዎች ግን አንድ ዓይነት ታማሚዎች አይደሉም። የደም ጠቋሚ በእኛ ከተማ ከለንደን ይልቅ ዋጋ የሚኖረው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

የሲቢሲ (ሙሉ የደም ሴል ቆጠራ) ምርመራ ርካሽ ስለሆነ የኒውትሮፊልና ሊምፎሳይት ንጽጽር ያጓጓል። ችግሩ መነሻው፣ ማለትም የጤነኛው ሰው ልኬት ነው። ዳፊ የተባለው የቀይ ደም ሴል ምልክት የሌላቸው አፍሪካውያን ፍጹም ጤነኛ ሆነው ሳለ ኒውትሮፊላቸው ዝቅ ይላል። በኢትዮጵያ ምልክቱ ያላቸውም የሌላቸውም ተደባልቀው ይኖራሉ፤ የቪቫክስ ወባ በአገራችን መስፋፋት ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። በሊምፎሳይቱ በኩልም፣ የኢትዮ-ኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት የጤነኛ ኢትዮጵያውያን ሲዲ4 የተባለ የሊምፎሳይት ዓይነት ከአውሮፓውያን ዝቅ ያለ መሆኑን አሳይቷል። አካፋዩም ተካፋዩም መነሻቸው ሲለያይ፣ ከቤጂንግ የመጣ ወሰን ተመሳሳይ ትርጉም ይኖረዋል ማለት ድፍረት ነው።

ሌላው ጥያቄ ቁጣው የማን ነው የሚለው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ኤችአይቪ በደማቸው ያለ ሰዎችን ለሳንባ ነቀርሳ ለመለየት በሊትር ከ5 ሚሊ ግራም በላይ የሆነ ሲአርፒን እንደ ማጣሪያ አጽድቋል። ዘነበወርቅ በሚገኘው አለርት ሆስፒታል ደጃፍ ሳል ይዞት በመጣ ሰው ላይ የታየ ከፍ ያለ ሲአርፒ ቫይረሱንም ነቀርሳውንም ሊያመለክት ይችላል። ሆድ ውስጥ ያሉ ጥገኛ ትሎች ደግሞ በተቃራኒው ቁጣውን ሊያበርዱ ይችላሉ፦ በመቀሌ ኩይሃ ማዕከል ከ700 በላይ የኮቪድ ታማሚዎችን ያጠኑ ተመራማሪዎች ጥገኛ ተሕዋስያን የተገኙባቸው ሰዎች ለከባድ ሕመም የመጋለጥ ዕድላቸው ያነሰ መሆኑን ዘግበዋል። ፕሮካልሲቶኒን ተደራቢ የባክቴሪያ ሕመምን ለመጠርጠር ይረዳል፤ ዋጋው ግን ከባድ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1970 የተመሠረተውና በአለርት ግቢ ያለው የአርማወር ሐንሰን ምርምር ኢንስቲትዩት የሥጋ ደዌን የመከላከያ ቁጣ ለዓመታት ሲያጠና የኖረ፣ በ2020ም የኮሮና ምርመራ ያካሄደ ተቋም ነው። ጎድሎ ያለው ሥራ ለእርሱ ሩቅ አይደለም፦ ከጤነኛ የአካባቢው ነዋሪዎች የሲአርፒና የሲቢሲ መነሻ መለካት፣ ከዚያ የታማሚዎችን ልኬት ሲገቡና ከ48 ሰዓት በኋላ ከኦክሲጅን ሙሌታቸው ጋር አብሮ መመዝገብ። እስከዚያው ታማሚው በደቂቃ የሚተነፍሰውን ቁጥርና ኦክሲጅኑን ማስቀደም፣ ሲአርፒን ደግሞ መድገም፣ የሲቢሲ ውጤትን ከተቻለ ከታማሚው ከራሱ የቀድሞ ውጤት ጋር ማስተያየት ይሻላል።