ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች

ስሙኝማ። ጊዜው እ.ኤ.አ. 1889፣ ቦታው የጀርመኗ ፍራንክፈርት ነው። ሉድቪግ ኮኽ ለሚባል የስምንት ዓመት ልጅ አባቱ የኤዲሰንን ፎኖግራፍ ያመጣለታል። ድምፅ የሚይዝ ዕቃ ያን ጊዜ ለአዋቂውም ብርቅ ነው። ድምፁን ለመያዝ ኤሌክትሪክ የሚባል ነገር አያስፈልገውም። ድምፅ የሚቀበል ጥሩምባ፣ ከጥሩምባው ሥር ስስ ገበታ፣ ከገበታው ላይ መርፌ፣ ከመርፌው ሥር የሚሽከረከር ሰም፤ አለቀ። በጥሩምባው የገባው ድምፅ ገበታውን ያንቀጠቅጠዋል፤ መርፌው ደግሞ እንደ ማረሻ ሰሙ ላይ ትልም ያወጣል። መርፌውን መልሳችሁ በዚያው ትልም ብትነዱት የተዘራው ድምፅ ይበቅላል።

ታዲያ ልጁ ምን ዘራበት? ቤታቸው ሻማ የምትባል ወፍ በሽቦ ቤት ውስጥ ነበረች። ስሟ ማታ ከምናበራው ሻማ ጋር ገጠመ እንጂ ዝምድና የላቸውም። ራሷ ጥቁር፣ ጅራቷ ረጅም፣ አገሯ ህንድና ደቡብ ምሥራቅ እስያ። ጥሩምባውን አስጠግቶ ዜማዋን ሰሙ ላይ አስቀረው።

እዚህ ላይ አንድ ጊዜ ቆም በሉልኝ። ተቀርጸው ከቆዩት የወፍ ድምፆች ሁሉ የመጀመሪያው እየተባለ እስከ ዛሬ የሚሰማው ይኸው ነው። የማን ዜማ ነው? ከጫካዋ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቃ፣ በሰው አገር፣ በሰው ቤት የዘመረች ወፍ ዜማ።

ልጁ አደገ፤ ቫዮሊን ተጫወተ፤ ዘፋኝም ሆነ። አንደኛው የዓለም ጦርነት መድረኩን ወሰደበትና ወደ ልጅነት ነገሩ፣ ወደ ድምፅ ቀረጻ ተመለሰ። ኋላ ናዚዎች መጡ። ኮኽ አይሁዳዊ ነበረና በ1936 አገሩን ጥሎ እንግሊዝ ገባ። ዕድሜው ሃምሳ አራት። በዚያ ዕድሜ አዲስ አገር መልመድ ምን እንደሆነ ዋሽንግተንም ሆነ ቴል አቪቭ ዘግይቶ የገባ ወገኔ ያውቀዋል። ሰው ሥራ ፍለጋ ነው የሚሯሯጠው። እሱ ግን የእንግሊዝን ወፎች ልቅረጽ ብሎ ተነሣ፤ በዚያው ዓመትም ከተፈጥሮ ተመራማሪው ማክስ ኒኮልሰን ጋር «የዱር ወፎች ዜማ» የሚል ከሸክላ ጋር የሚሸጥ መጽሐፍ አወጣ።

ይህን ሥራ በስልካችን እንደምንቀርጸው አታስቡት። መሣሪያው በመኪና የሚጫን ነው። መኪናው ራቅ ብሎ ይቆማል፤ ገመዱ በቁጥቋጦ መሐል ይዘረጋል፤ ማይክሮፎኑ ወፏ ከምታርፍበት ቅርንጫፍ አጠገብ ይታሰራል። ሰሙ ለመርፌው እንዲለሰልስ ሙቀቱ መጠበቅ አለበት። ከዚያ ጨለማ ውስጥ መጠበቅ ነው። ወፏ አፏን ከከፈተች በኋላ አንድ ውሻ ቢጮኽ፣ አንድ መኪና ቢያልፍ፣ ያ ሰም ተበላሸ፤ እንደገና መጠበቅ ነው። ትዕግሥቱን ሳስበው ይገርመኛል።

በኋላ በቢቢሲ ሬዲዮ ስለ ወፎች እያወራ እንግሊዞች ለመዱት፤ ወደዱትም። እንግሊዝኛው ግን እስከ መጨረሻው ጀርመን ጀርመን ይል ነበር። ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች ይላሉ አባቶቻችን። ተረቱ እኮ እውነት ነው! በ1950ዎቹ የካምብሪጁ ተመራማሪ ዊልያም ቶርፕ ቻፊንች የምትባል ትንሽ ወፍ ጫጩቶችን ከሌላ ወፍ ለይቶ አሳደገ። ሲያድጉ የዘመሩት ጎዶሎ ዜማ ነበር። ዜማ ከትልልቆቹ የሚወረስ ነገር ሆኖ ተገኘ፤ ለዚያም ነው የአንድ ዓይነት ወፍ ዜማ ከቦታ ቦታ የሚለያየው።

አሁን ደግሞ ከኮኽ ወጣ ብዬ ወደ 1942 ልውሰዳችሁ፤ ግንቦት ወር በአውሮፓ አቆጣጠር 19ኛው ቀን፣ ማታ። ደቡብ እንግሊዝ ሰሪ በሚባለው አውራጃ ውስጥ አንድ የአትክልት ቦታ አለ። ናይቲንጌል የምትባለዋ የሌሊት ዘማሪ ትመጣበታለች። እሷም መንገደኛ ናት፤ ክረምቱን ከሰሃራ በታች በእኛው አፍሪካ ከርማ በጸደይ ነው የምትደርሰው። ቢቢሲ ከ1924 ጀምሮ ዜማዋን ከዚያ በቀጥታ ያስተላልፍ ነበር። በዚያች ማታ ማይክሮፎኑ ተተክሎ ሳለ ከሩቅ ጉርምርምታ ተሰማ። ወደ ጀርመኗ ማንሃይም ለድብደባ የሚበሩ 197 የእንግሊዝ ቦምብ ጣዮች ነበሩ። ማንሃይም ከኮኽ የትውልድ ከተማ ብዙም አትርቅም። ድምፁ በሬዲዮ ቢወጣ ጀርመኖች ይነቃሉ፤ ስለዚህ ሥርጭቱ ተቋረጠ። የሸክላው መርፌ ግን አልቆመም።

ቅጂውን በጆሮ ማዳመጫ ሰምቼዋለሁ። መጀመሪያ ወፏ ብቻዋን ናት። ከዚያ የሞተሩ ድምፅ ከሥር ከሥር ይመጣል፤ ይወፍራል፤ ሰማዩን ይሞላዋል። እሷ አታቋርጥም። የሚያስጨንቀኝ ይኼ ነው፤ አንዷ ስትዘምር ሌላው ሊገድል ሲሄድ፣ ሁለቱም አንድ ትልም ውስጥ ገብተው ቀሩ። ሲመለሱ አውሮፕላኖቹ 11 ጎድለው ነበር።

ኮኽ በ1974 እዚያው እንግሊዝ አረፈ። የቀረጻቸው ድምፆች ለቢቢሲ የተፈጥሮ ድምፅ ክምችት መሠረት ሆኑ። ስደተኛው ሰውዬ ለተቀበለው አገር የዚያውን አገር ወፎች ድምፅ አኖረለት።

እንግዲህ እናንተም የትም ብትሆኑ፣ ነገ ወፍ ሲንጫጫ ተነሡ። ስልካችሁን መስኮቱ ደፍ ላይ ወይ አጥሩ ላይ አስቀምጡና ራቁ፤ አታውሩ፤ አሥር ደቂቃ ተዉት። ሲያበቃ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የሰፈሩን ስም በራሳችሁ ድምፅ ጨምሩበት። ከ2005 ጀምሮ ከየአገሩ የወፍ ድምፅ የሚሰበስበው ዜኖ ካንቶ የሚባለው ድረ ገጽ ከማንም ይቀበላል። ባትልኩትም ለልጆቻችሁ አስቀምጡት።