የነጋሪትና የከበሮ ብረታ ብረት ጽዳትና እድሳት

የነጋሪትና የከበሮ ብረታ ብረት ጽዳትና እድሳት በቆዩ የኢትዮጵያ ከበሮዎች ላይ የሚገኙ የብር፣ የመዳብ፣ የናስና የብረት ክፍሎችን ከዝገትና ከጥላሸት የማጽዳት፣ ከተጨማሪ ጉዳትም የመጠበቅ ሥራ ነው። ዓላማው በብረቱ ላይ ያለውን ቅርጽና ጽሑፍ ሳያጠፉ ዕድሜውን ማራዘም ነው።

የብረቱ ክፍሎች

ነጋሪት በአንድ ፊቱ ብቻ ቆዳ የተወጠረበት፣ አዋጅ ሲነገር የሚጎሰም ከበሮ ነበር። ገላው ከእንጨት፣ ከመዳብ ወይም ከብር ይሠራ ነበር። በ1934 ዓ.ም. መታተም የጀመረው ነጋሪት ጋዜጣ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። የቤተ ክርስቲያን ከበሮ በሁለት ፊቱ ቆዳ የተወጠረ ሲሆን፣ ብረት የሚገኘው በማንገቻው ቀለበት፣ በምስማሩና በአንዳንዶቹ ላይ በተለበጠው ብር ነው።

የጉዳት መንስኤ

ብር የሚጠቁረው በአየር ውስጥ ከሚገኝ የድኝ ውሁድ ጋር ሲዋሐድ ነው። መዳብና ናስ በእርጥበት አረንጓዴ ይሆናሉ፤ ፈዛዛ አረንጓዴ ዱቄት ከታየ ግን ጨው ገብቶ መዳቡን እየበላው ሊሆን ይችላል። ብረት ሲዝግ ስለሚያብጥ እንጨቱን ይሰነጥቃል፣ ቆዳውንም ይጎዳል። እንደ መካነ ሰላም፣ ቦረናና አማራ ሳይንት ባሉ የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋማ አካባቢዎች ዕቃ ቤት በሐምሌና በነሐሴ ሲረጥብ ዝገቱ ይፈጥናል።

አጸዳድ

በመጀመሪያ ዕቃው ፎቶ ይነሣል፣ አቧራውም በለስላሳ ብሩሽ ይራገፋል። የእጅ ላብ ጨው ስላለው ጓንት ይደረጋል። የጠቆረ ብር በደቃቅ የካልሲየም ካርቦኔት ዱቄትና በጥቂት የተጣራ ውኃ፣ በጥጥ ቀስ ተብሎ ይታሻል። ውኃው ቆዳውንና ጠፍሩን መንካት የለበትም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ጠፍሩ የክርስቶስ የግርፋት ሰንበር ምሳሌ ስለሆነ፣ ለጽዳት ተብሎ አይፈታም። የብረት ዝገት በደረቁ ተጠርጎ በስሱ አሲድ አልባ ሰም ይቀባል።

መደረግ የሌለባቸው

በአሸዋ ወይም በአመድ መፈተግ ስስ የብር ልባጥን ይልጣል፣ የተቀረጸ ስምና ቃል ኪዳንንም ይደመስሳል። ሎሚ ከናስ ውስጥ ዚንኩን አሟሙቶ ቀይ የመዳብ መልክ ይተዋል። የጠፋ ጽሑፍ ዳግመኛ ቢቀረጽ እንኳ የመጀመሪያው ማስረጃ አይመለስም።

ሕግ

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በቅርስ ላይ የሚደረግ የጥገናና የእድሳት ሥራ አስቀድሞ የባለሥልጣኑን ፈቃድ እንዲያገኝ ያዛል። ስለዚህ ከአቧራ ማራገፍ ያለፈ ሥራ ለባለሙያ የሚተው ነው።