የመካነ ሥላሴ ግድግዳ

ዛሬ መካነ ሰላም የምትገኝበት የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ በጥንት ዘመን አማራ ከሚባለው አገር ይቈጠር ነበር። በዚያ አገር አፄ ናዖድ መካነ ሥላሴ የተባለውን ቤተ ክርስቲያን ማሠራት ጀምረው ሳይፈጽሙት በ1500 ዓ.ም. ስላረፉ፣ ልጃቸው አፄ ልብነ ድንግል አስፈጸሙት። በጥር 1513 ዓ.ም. ቅዳሴ ቤቱ ሲከበር ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ በቦታው ነበረ።

ስለ ሕንፃው ጌጥ አስፍቶ የጻፈው ግን ወዳጅ አይደለም፤ የኢማም አሕመድ (የግራኝ) ታሪክ ጸሐፊ ዐረብ ፈቂህ ነው። ግድግዳው በወርቅ ሰሌዳ ተለብጦ በዕንቍ ማጌጡን ይመሰክራል። ኢማሙም እንዲህ ያለ ሕንፃ በሮም ወይም በህንድ አገር ይገኝ እንደ ሆነ ዐረቦቹን ጠይቆ፣ የለም እንዳሉት ይተርካል። ከዚህም በኋላ ወታደሩ ወርቁን በምሳር እየፈነቀለ ወሰደ፤ በ1524 ዓ.ም. ቤቱ ተቃጠለ።

ራቬና በምትባል የኢጣልያ ከተማ ግን በ6ኛው መቶ ዘመን በሞዛይክ የተጌጡት አብያተ ክርስቲያናት እስከ ዛሬ ያበራሉ። የዚያ ጥበብ ዋና ነገር ባለ ቀለም የብርጭቆ ቍራጭ ነው፤ ወርቅም ቢገባበት እንደ ቅጠል ሥሥ ሆኖ በብርጭቆ መካከል ይታሸጋል። ሠራተኛው ቍራጩን በርጥብ የኖራ ልስን ላይ አንድ በአንድ ይተክላል፤ ብርሃንም እንዲመልስ ጥቂት ያዘነብለዋል። ክብሩ በድርድሩ ነውና ዘራፊ ቢፈነቅለው በእጁ የሚቀረው ስባሪ ብቻ ነው።

ስለዚህ ይህ ጥበብ ለንጉሥ ግምጃ ቤት ብቻ የተሰጠ አይደለም። የተሰበረ ጠርሙስና ሰሐን ሰብስቦ፣ ስለቱን በድንጋይ አደንዝዞ፣ በገዛ ቤቱ ልስን ላይ በትዕግሥት የሚደረድር ሰው ሊሠራው ይችላል። ወርቅ ዘራፊን ይጠራል፤ ስባሪ ግን የሚጠራው የሚያስተውለውን ዓይን ብቻ ነው።