ሥር ቋጣሪ ኔማቶድ

ወስፋት ኔማቶድ ነው። ኮሶ ግን አይደለም፤ ኮሶ ጠፍጣፋና ቁርጥራጩ የተቀጣጠለ ትል ሲሆን የኔማቶድ አካል ድብልብል ነው፣ አይከፋፈልም። ስሙ እንግዳ ቢመስልም ፍጥረቱን ሆዳችን ቀድሞ ያውቀዋል ማለት ነው። ቃሉ ክር ከሚል የግሪክ ቃል የተገኘ ነው፤ ጥጥን ለሚያጠቃ ተባይ የተገባ ስም ነው።

አፈር ውስጥ ከሚኖሩት ኔማቶዶች አንዳንዶቹ የተክል ሥር ይበላሉ። ከእነዚህ መካከል በጥጥ ላይ የሚከፋው የሜሎይዶጋይኒ ወገን ነው፤ በተለይም ኢንኮግኒታ የሚባለው ዝርያ። ከእንቁላል የወጣው እጭ ርዝመቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር አይሞላም። በሥሩ ጫፍ በኩል ይገባና ባለበት ይሰፍራል፤ በዙሪያው ያሉት የሥር ሕዋሳት ከልክ በላይ አድገው ቀላቢዎቹ ይሆናሉ። ሥሩም እዚያው ላይ ይቋጠራል። ሴቷ ያለ ወንድ ትራባለች፣ በመቶ የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች። አፈሩ ሞቃት ከሆነ ይህ ሁሉ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ ያልቃል፤ በአንድ የጥጥ ወቅት ስንት ትውልድ እንደሚፈራረቅ አስቡት።

በአማርኛ «የሥር ትል» ቢባል ያጥር ነበር። ጥጥ አምራች ግን «ትል» ሲባል ቶሎ የሚታወሰው ጓይ ትል ነው፤ ፍሬ የሚበሳው፣ በዓይን የሚታየው፣ ኋላም የእሳት ራት የሚሆነው አባጨጓሬ። ለእሱ የሚረጨው መድኃኒት ቅጠልና ፍሬ ላይ ያርፋል፤ ሥር ውስጥ ያለውን ኔማቶድ አይነካውም። ስለዚህ ባዕዱን ቃል እንዳለ አቆይቶ «ሥር ቋጣሪ» የሚለውን መቀጠሉን እመርጣለሁ። ሥራውን ይናገራል፣ የት እንደሚፈለግም ይጠቁማል።

የሚያስቸግረውም መፈለጉ ነው። ከላይ የሚታየው ማሳው ውስጥ እዚህም እዚያም የቀጨጨ ጥጥ፣ ውኃ ጠጥቶም በቀትር የሚጠወልግ ቅጠል ነው። ገበሬው ውኃ ወይም ማዳበሪያ አነሰው ብሎ ይጨምራል። አሸዋማ አፈር ላይ ደግሞ ይብሳል። የቆሰለው ሥር ለፉሳሪየም አጠውላጊ በሽታም በር ይከፍታል፤ ጆርጅ አትኪንሰን የተባለ የአሜሪካ ተመራማሪ በአላባማ ጥጥ ላይ የሁለቱን ጥምረት የዘገበው እ.ኤ.አ. በ1892 ነበር።

አዲስ አበባ፣ የካ ላይ ጥጥ አይዘራም፤ ብርዱ አይፈቅድም። ከእንጦጦ ግርጌ ሽሮ ሜዳ ላይ ነጠላና ጋቢ ሆኖ የሚሸጠው ጥጥ ተክሉ ቆላ ነው፤ አዋሽ ሸለቆ፣ ሑመራ፣ መተማ። በአፋር ያለው የወረር ግብርና ምርምር ማዕከል የጥጥ ምርምር የሚካሄድበት ነው። ኔማቶዱ ግን ለጥጥ ብቻ አልተፈጠረም፤ በስምጥ ሸለቆ የቲማቲም ማሳዎች በሚገባ ይታወቃል፣ ሃፕላ የሚባለው ዘመዱም ቀዝቃዛ አገር ይስማማዋል። (ኢትዮፒካ የሚባልም አለ። እ.ኤ.አ. በ1968 ስም ሲወጣለት ናሙናው የተገኘው ከታንዛኒያ ነበር፤ ስሙን ብቻ አይቶ የእኛ ነው ማለት አይቻልም።)

በጓሮዋ ቲማቲም ወይም ባቄላ የተከለች የኮተቤ ነዋሪ ሥሩን ነቅላ ብታይ ግን አንድ ነገር ታስተውል። ባቄላ ናይትሮጅን የሚያዘጋጁለት ባክቴሪያዎች የሚኖሩባቸው እንክብሎች አሉት፤ እነዚህ ከጎን የተለጠፉ ስለሆኑ በጣት ሲታሹ ይረግፋሉ። የኔማቶዱ ቋጠሮ ራሱ ያበጠው ሥር ነው፣ ሥሩ ካልተበጠሰ አይለቅም።

ቲማቲም ላይ የተገኘ ሁሉ ጥጥ ይይዛል ማለትም አይደለም። ኢንኮግኒታ በሚያጠቃቸው ተክሎች ሲለይ አራት ነገድ አለው፤ ጥጥ ላይ የሚራቡት ሦስተኛውና አራተኛው ናቸው። አራቱም ኦቾሎኒ ላይ አይራቡም። ጥጥ ባለበት ማሳ ቲማቲም ማፈራረቅ ኔማቶዱን መቀለብ ሲሆን፣ ኦቾሎኒ ማፈራረቅ ግን ያስርበዋል።