የልብ ምት ቆጣሪውና ፍየሎቹ

«ጋሼ፣ ፍየሎቼን ሸጬ እንዲህ ዓይነት ሰዓት ልግዛ?»

ከመርሳ ወደ ወልዲያ በሚወስደው መንገድ ማለዳ ስንሮጥ አንድ የሀብሩ ጎረምሳ የጠየቀኝ ነው። ዓይኑ ያረፈው እጄ ላይ ባሰርኩት የልብ ምት ቆጣሪ ነበር።

የሰዓቱ ታሪክ ረጅም አይደለም። ሴፖ ሳይናያካንጋስ የተባለ ፊንላንዳዊ በ1977 እ.ኤ.አ. ፖላር የተባለውን ኩባንያ መሠረተ፤ ኩባንያውም በ1982 በደረት ቀበቶ የተለካውን ምት ያለ ሽቦ ወደ እጅ ሰዓት የሚያስተላልፍ መሣሪያ አወጣ። አበበ ቢቂላ ግን ከዚያ 22 ዓመት ቀድሞ፣ በ1960፣ ሮማ ላይ ማራቶንን በባዶ እግሩ አሸንፎ ነበር።

እንዲያም ሆኖ ሰዓቱ ይጠቅማል። የደረት ቀበቶው የልብን ኤሌክትሪክ ስለሚለካ፣ አንጓ ላይ በብርሃን ከሚለካው ይበልጥ ይታመናል። ከ220 ላይ ዕድሜን ቀንሶ የሚገኘው የምት ጣሪያ ግን አማካይ ግምት ነው። እንደ መርሳ ባለ ሞቃት አገር ደግሞ ፀሐይ ሲበረታ ፍጥነት ሳይጨምር ምቱ ይጨምራል።

ጎረምሳውን ሁለት ጣቶቹን አንጓው ላይ አሳርፎ 15 ሰከንድ እንዲቆጥር፣ ያገኘውንም በ4 እንዲያባዛ አሳየሁት።

«ፍየሎችህን አትሽጥ» አልኩት። «ጠዋት ከመኝታህ ሳትነሳ እየቆጠርክ ጻፈው። ከወትሮው በጣም ከፍ ካለብህ ያን ቀን ዕረፍ።»