የአሞሌው አገር ቀለማት



ከጎንደርም ሆነ ከትግራይ ለመጣችሁ ወላጆች አሞሌ ጨው ምን እንደሆነ መንገር አያስፈልግም። ከገበያ ገዝታችሁ ወጥ አጣፍጣችሁበታል፣ ለከብት አስልሳችሁታል፤ ቀደምት አባቶቻችሁም እንደ ገንዘብ ተገበያይተውበታል። ልጆቻችሁ ግን እዚህ ፔታሕ ቲክቫ በትምህርት ቤት «የሶሪያና የአፍሪካ ስንጥቅ» ስለሚባለው ሲማሩ፣ አስተማሪው የሚያሳያቸው ያም ሐመላሕን ነው። አሞሌው የሚቆረጥበት የአፋር ምድርም ከዚሁ ስንጥቅ ጋር የተያያዘ መሆኑን ልትነግሯቸው የምትችሉት እናንተ ናችሁ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የዓረብ ምድር ከአፍሪካ ቀስ በቀስ እየራቀ ሲሄድ መሬቱ ተሰነጠቀ። በመካከል ቀይ ባሕር ገባ። በሰሜን ያም ሐመላሕ ከባሕር ጠለል በታች ከ430 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ይገኛል፤ በደቡብ ደግሞ በደናክል ረባዳ ምድር ያለው ዳሎል 120 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። ጥንት የቀይ ባሕር ውኃ ወደ ደናክል ገብቶ ደርቋል፤ አሞሌው ከዚያ የቀረ ጨው ነው። ልዩነታቸው፣ በደናክል የምድር ቅርፊት እጅግ ስለሳሳ የቀለጠው ዓለት ለገጸ ምድር ቅርብ መሆኑ ነው። ስለዚህ በየቦታው እንፋሎትና የድኝ ጭስ ከመሬት ይወጣል።

እንዲህ ያለ የጭስ ቀዳዳ ምን እንደሚሠራ ለመረዳት አንድ አፍታ ሩቅ አገር እንሻገር። በመካከለኛው አሜሪካ፣ በኤል ሳልቫዶር፣ ኢሳልኮ የሚባል እሳተ ገሞራ አለ። በ1770 ተወልዶ ለሁለት መቶ ዓመት ገደማ ሌት ተቀን እሳት ሲተፋ ስለኖረ መርከበኞች «የፓስፊክ መብራት» ይሉት ነበር። መንግሥት እሳቱን ለሚያዩ ጎብኚዎች ፊት ለፊቱ ሆቴል ሠራ፤ ሆቴሉ ሊያልቅ ሲል እሳቱ ጠፋ! ጭሱ ግን አልጠፋም። ከጭሱ ጋር የወጡት መዳብና ብረት ለማጠንከር የሚጠቅመው ቫናዲየም፣ ከአየር ጋር ሲገናኙ በቀዳዳው አፍ ላይ ጥቁር ቅርፊት ሆነው ይጋገራሉ።

ዱቄትና ውኃ ያው ሆኖ ሳለ መጠኑ ሲለያይ አንዱ ገንፎ፣ ሌላው አጥሚት እንደሚሆን ታውቃላችሁ። በኢሳልኮም ነገሩ እንዲሁ ነው። መዳቡና ቫናዲየሙ እኩል በእኩል ሲሆኑ ዚሳይት የሚባል ማዕድን ይሆናል፤ 5 መዳብ ለ2 ቫናዲየም ሲሆን ስቶይበራይት፤ 11 ለ6 ሲሆን ደግሞ ፊንገራይት። ስቶይበራይት በ1979፣ ፊንገራይት በ1985 ለዓለም የተገለጹ ሲሆን፣ ስማቸውን ያገኙት ከአሜሪካውያኑ ተመራማሪዎች ከሪቻርድ ስቶይበርና ከላሪ ፊንገር ነው። ፊንገራይት ዝናብ በመታው ቁጥር ይሟሟል። በ2016 ሮበርት ሄዘንና ጄሲ ኦሱቤል የተባሉ ሊቃውንት ብርቅዬ ማዕድናትን ሲመረምሩ፣ እስከዚያ ከታወቁት ከ5,000 በላይ ማዕድናት ውስጥ ከ2,500 የሚበልጡት በአምስት ወይም ከዚያ ባነሱ ቦታዎች ብቻ የሚገኙ መሆናቸውን ጻፉ። ፊንገራይትን እንደ ዋነኛ ምሳሌ ጠቅሰውታል።

አሁን ወደ አሞሌው አገር እንመለስ። በ1926 በዳሎል ከሥር የጋለው እንፋሎት ጨውና ጭቃውን ፈንቅሎ ትልቅ ጉድጓድ ከፈተ። ዛሬ በዚያ አካባቢ ከ100 ዲግሪ በላይ የሚፈላ፣ ከሎሚ ጭማቂ እጅግ የበረታ አሲድ የሆነ ጨዋማ ውኃ ይመነጫል። ምድሩ ነጭ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ዝገት መሳይ ነው። አረንጓዴውን ያየ ሰው «መዳብ ነው» ቢል አይፈረድበትም፤ የቆየ መዳብ አረንጓዴ ያወጣልና። በ2019 የወጣ ጥናት ግን የቀለሙ ዋና ምክንያት ብረት መሆኑን አሳየ። ውኃው ገና ሲፈልቅ ብዙ ቀለም የለውም፤ ብረቱ ከአየር ጋር እየቆየ ሲሄድ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ በመጨረሻም ቡናማ ይሆናል። ምንጩ ሲደርቅ ወይም ቦታ ሲቀይር ቀለሙም አብሮ ይለወጣል።

ቀለሙን ሳይሆን ከሥሩ ያለውን ፖታሽ የፈለጉት ጣሊያኖች ነበሩ። ፖታሽ ለማዳበሪያ ይሆናል። ከኤርትራ ወደብ ከመርሳ ፋጡማ ተነስቶ ወደ ዳሎል አቅራቢያ የሚደርስ ባቡር በ1918 ዘረጉ፤ እስከ 1929 ድረስም 50,000 ቶን ያህል አወጡ። ከዚያ በዓለም ገበያ ከጀርመንና ከሌሎች አገሮች ብዙ ፖታሽ ስለመጣ ሥራው ቆመ። በ1930 ደግሞ የሳይቤሪያው ተወላጅ መሐንዲስ ሞሼ ኖቮሜይስኪ እዚህ ያም ሐመላሕ ላይ ያንኑ ፖታሽ ለማውጣት ከእንግሊዝ አስተዳደር ፈቃድ አገኘ። አንዱ ሲዘጋ ሌላው ተከፈተ፤ በእኔ አስተያየት በትምህርት ቤት መጽሐፍ ውስጥ ሊገባ የሚገባው ታሪክ ይህ ነው። በ1960ዎቹ ፓርሰንስ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ዳሎልን እንደገና ቆፍሮ ነበር፤ እሱም ትቶ ሄደ። በዚያ ጊዜ የተለካው የዓመት አማካይ ሙቀት 34.6 ዲግሪ ሲሆን ሰው በኖረበት ቦታ ከተመዘገበው ሁሉ የላቀ ነው። የሠራተኞቹ ሰፈር ፈርሶ ባዶውን ቀረ። አፋሮቹ ጨው ቆራጮችና የትግራይ ግመል ነጂዎች ግን ከኩባንያዎቹ በፊትም በኋላም ሥራቸውን ቀጠሉ።

ከፔታሕ ቲክቫ ያም ሐመላሕ በመኪና ሁለት ሰዓት አይሞላም። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ስትሄዱ በዳርቻው የተጋገረውን ነጭ ጨው አሳዩአቸው። አሞሌ መስሏቸው እንዳይቀምሱት ግን ተጠንቀቁ፦ ውኃው ማግኒዥየም ስለሚበዛበት ይመራል፣ ለወጥም አይሆንም፤ በተለይ ሕፃን ልጅ ጥቂት ጉንጭ እንኳ ቢውጥ ወዲያውኑ በባሕሩ ዳርቻ ላለው ነፍስ አድን ሠራተኛ መንገር ያስፈልጋል።