ዜና ካብ ወዜና ዐዋጅ

በዳሞታ ተራራ ግርጌ ስለተቀመጠችው ስለ ወላይታ ሶዶ ስንጽፍ፣ ከፀረ ሽብር ዐዋጁ አስቀድሞ ስለ ካቡ መናገር ይገባል፤ በአገሩ አጠራር ካዎ የሚባሉት የወላይታ ነገሥታት ግዛታቸውን የሚጠብቁት በብራና ሳይሆን በካብና በጉድባ ነበርና፣ በካዎ አማዶ ስም የሚጠራው የድንጋይ ካብም ፊቱን ያዞረው ከውጭ ወደሚመጣው ወራሪ ነበር።

በ1887 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ እልፍ ሠራዊት አስከትለው በዘመቱ ጊዜ ግን ካቡም ጉድባውም አልመለሳቸውም፤ ካዎ ጦና ቆስለው ተማረኩ፤ ከሠራዊቱ ጋር የተጓዘው ፈረንሳዊ ነጋዴ ቫንደርሃይምም ያየውን እልቂት በመጽሐፍ አሳትሞ አስቀረ። ከዚያም ወዲህ የአገሩ ጸጥታ በማእከል የሚወሰን ሆነ። በፍትሐ ነገሥት ሲዳኝ የኖረውም መንግሥት በ1923 ዓ.ም.፣ ኋላም በ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አወጣ፤ ደርግ ደግሞ በ1967 ዓ.ም. ልዩ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግን ከልዩ የጦር ፍርድ ቤት ጋር ዐወጀ።

በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን አፍ ቆራርጦ የሰፋ፣ ወጋጎዳ የተባለ ቋንቋ በመማሪያ መጻሕፍት ታትሞ ወደ ሶዶ መጣ (ቋንቋ በስብሰባ ይወለዳል ብሎ ያሰበ ሰው ምን ያህል የተማረ እንደ ነበረ እንጃ!)። ሕዝቡ እንቢ አለ፤ መምህራን ታሰሩ፤ ጥይት ተተኮሰ፤ ሰዎች ሞቱ። የፀረ ሽብር ዐዋጅ ገና ሳይወለድ ይህ ሁሉ ሆነ። መጻሕፍቱ ተሰበሰቡ፤ ወላይታም በ1993 ዓ.ም. ከሰሜን ኦሞ ተለይቶ ዞን ሆነ።

የሽብር ሥጋት ሐሰት ነበር አንልም፤ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የጸጥታ ምክር ቤትም ከኒውዮርኩ ጥፋት በኋላ በውሳኔ 1373 አባል አገሮች ሁሉ ሽብርን በሕግ እንዲቀጡ አዝዞ ነበር። ነገር ግን በ2001 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 652 ሽብርን ማበረታታት ብሎ በሰየመው ወንጀል ከ10 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት የሚያስፈርድ፣ ተጠርጣሪውንም ለምርመራ እስከ 4 ወር የሚያቆይ ነበርና፣ ቦምብ የያዘውንና ብዕር የያዘውን በአንድ ወንፊት ነፋ፤ ጋዜጠኛው እስክንድር ነጋ በ2004 ዓ.ም. 18 ዓመት የተፈረደበትም በዚሁ ነው። ካቡ ፊቱን ወደ ውስጥ አዞረ።

በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. የተወካዮች ምክር ቤት ይህን ዐዋጅ ሽሮ ዐዋጅ ቁጥር 1176ን አጸደቀ፤ አዲሱም ሕግ የሥራ ማቆምና ሰላማዊ ሰልፍ የሕዝብ አገልግሎትን ቢያውኩ እንኳ ሽብር እንዳይባሉ ደነገገ። የወላይታ ዞን ምክር ቤት ግን አስቀድሞ በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. ክልል እንሁን ብሎ በሙሉ ድምፅ ወስኖ ነበር፤ ሕገ መንግሥቱ በ1 ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ይደረግ ቢልም መልስ ሳይመጣ ዓመቱ አለፈ። አዲሱ ዐዋጅ በጸደቀ በስምንተኛው ወር፣ ነሐሴ 3 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ በሶዶ ጉታራ አዳራሽ ለስብሰባ የተቀመጡት የዞኑ ሹማምንትና የክልል ጥያቄው አስተባባሪዎች፣ ዋና አስተዳዳሪው ሳይቀሩ፣ በጸጥታ ኃይል ተያዙ። በማግስቱም ሕዝቡ ወደ ጎዳና ወጣ፤ ዳግመኛ ተተኮሰ፤ ዳግመኛም ሰዎች ሞቱ።

በ2015 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ፤ የጥር ወር ድምፅ በወላይታ ተሰርዞ ሰኔ 12 ቀን እንደገና ተሰጠ። የመጣው ግን ለብቻ የተጠየቀው ክልል ሳይሆን ከሌሎች ጋር የተመሠረተው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ነው፤ ርእሰ መስተዳድሩም የሚቀመጡት በወላይታ ሶዶ ነውና፣ ቀድሞ ከነባሩ ክልል መቀመጫ ከሐዋሳ ይመጣ የነበረው የጸጥታ ትእዛዝ ዛሬ የሚወጣው ከዚያው ከዳሞታ ግርጌ ነው።